ተራ

ቡሬ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጓሮዬ ብሳና፣ በሽቦ አንጠልጥዬ፣
ባዶ የውሃ ፕላስቲክ፣ ጎንና ጎኑን በምላጭ ከፍዬ፣
ሁለት የእንጨት ማንኪያ፣ አሻግሬ ሰክቼ፣
ዳጉሳ ሞላሁት፣ ከጆንያ ቀድቼ።

ለማን ነው ካላችሁ፦
ለዚያች ጉንጨ ቀይ፣ ሆዷ ሰማይ ቀለም፣
በሚዛን ብትወጣ፣ አንድ ደብዳቤ አታህልም፤
ለድንቢጥ፣ ለድንቢጥ ልጅ፣ ስም ላላወጣሁለት፣
ጭራውን እየነቀነቀ ለሚመጣው ጠዋት ጠዋት።

በሦስተኛው ቀን የዛፍ ሽኮኮ መጣች።
በልብስ ማስጫው ገመድ፣ እንደ መብራት ሠራተኛ፤
መሃል ላይ ቆም ብላ አየችኝ፣ ልክ እንደምትል «ተኛ!»
ማንኪያውን ነቀለች፣ ጉንጯን ወጠረችው፣
ለወር ያልኩትን ቀለብ በቀትር ጨረሰችው።

ገመዱን ግራሶ ቀባሁት፤ ወደቀች ተንሸራታ፤
ተነሣች፤ ሞከረች፤ በግንዱ መጣች ለማታ።
ቆርቆሮ ቀጥቃጩ በሪሁን፣
«ባርኔጣ ልሥራለት» አለኝ፣ «ግንድህም ባለ ማዕረግ ይሁን»።
ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ፣ ለብሳናው ባርኔጣ ሰፋ፤
ሽኮኮ እዚያ ስትደርስ፣ መንገዱ ከፊቷ ጠፋ።

ቁራው ግን፣
ቁራው ባርኔጣ አይፈራም፤ ክንፍ አለው፤
ማጅራቱ ላይ ነጭ ሻሽ ጣል ያደረገ ነው።
ሲያርፍ ቅርንጫፉ ሰገደ፤
ትንንሹ ሁሉ ወደ አጥር ነጎደ።
አንዴ ወዘወዘው። ዳጉሳው መሬት ፈሰሰ።
ወርዶ ለቀመ፤ ጠገበ፤ አፉን በግንዱ አበሰ።

ጎረቤቴ ውዳላት፣ በአጥሩ አንገቷን አስግጋ፣
«ኧረ ጋሽ አንሙት፣ አልሰማህም እንዴ የዳጉሳን ዋጋ?
ሰው ለጠላ አጥቶ፣ አንተ ለወፍ ትደግሳለህ፤
ደግሞ ከወፍ ወፍ ትመርጣለህ!
ቁራስ የሱ ፍጡር አይደል? ሽኮኮስ ሆድ የላትም?
ምን አድርገውህ ነው?»
አልመለስኩላትም።

መልሱ የመጣው ማታ ነው፣ ብቻዬን፣ ከአልጋዬ።
የቀበሌ ሱቅ ነበር፣ ውዳላት፣ የድሮ ሥራዬ።
በኩፖን፣ በነፍስ ወከፍ፣ ስኳር መዘንኩ፤
ሰልፈኛው ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ «ቀጥል» ስል፣ «ቀጥል» ስል ዋልኩ።
በፊት በር ኪሎ ስሰፍር፣ በኋላ በር ኩንታል ወጣ፤
ባለ ሽጉጥ መጣ፣ ባለ ቦርሳ መጣ፣ ባለ ደብዳቤ መጣ።
እኔም ቅርንጫፍ ነበርኩ፤ ሰገድኩ።
መዝገቡ ላይ «አለቀ» ብዬ፣ በሰማያዊ ቀለም ጻፍኩ።

አንዲት ሴት ነበረች፣ ልጅ አዝላ፣ ከሰልፉ ጭራ የደረሰች።
«አለቀ» ስላት፣ ምንም አላለች፤
ኩፖኗን አጣጥፋ ከመቀነቷ ቋጠረች።
ያን ቋጠሮ ነው እኮ፣
እስከ ዛሬ ያልፈታሁት።

ጠዋት የዶሮ ሽቦ ገዛሁ። ቀዳዳውን በጣቴ ለካሁ፦
አውራ ጣት ያልፋል፤ የቁራ ራስ አያልፍም። እንደ ቅርጫት ጠምዝዤ፣
ፕላስቲኩን መሃሉ አገባሁ።

ዓርብ ዕለት ቀይ ጉንጯ ገባች።
ዞር ብላ ሽቦውን አየች፤ በላች፤ ደግሞ በላች።
ቁራው አጥር ላይ ነው፣ ነጭ ሻሹን እንደጣለ፣
አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ አንድ ነገር እያሰላሰለ።
ሽኮኮዋም በውዳላት ጣሪያ አዲስ መንገድ ቀየሰች፤
ነገ ትመጣለች፤ ዛሬ የባርኔጣውን ጠርዝ በጥርሷ ቀመሰች።

ከታች የሚረግፈውን አልጠርግም።
ይልቀሙት፤ ቁራም፣ ሽኮኮም፣ የውዳላት ዶሮም።
የወደቀ የወደቀ ነው፤
የተሰቀለው ግን ተራ አለው።

የድሮ መዝገቤን አወጣሁ፤ ከኋላው ባዶ ገጽ ነበረ።
«አምስት ወፍ። ለሁሉም ደረሰ» ብዬ ጻፍኩ።
ብዕሩን ሳልከድን ግን፣ ትንሽ ጠበቅኩ፤
ዘግይታ የምትመጣ ትኖር እንደሆነ።